ከጎሬ የመጣው ደንበኛ

ድስት መሸጥ የጀመርኩት ቤት በዋልኩበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት መቱ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። በኮሮናው ጊዜ ተማሪዎቹ ወደየቤተሰቦቻቸው ሲሸኙ ማሽኖቹ ሥራ ፈቱ፤ ኪራዩ ግን ወር እየጠበቀ መምጣቱን አላቆመም። ማሽኖቹን ሸጬ በሩን ዘጋሁና ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ በዚያ ሰሞን ቤት የምትመጣው ለመተኛት ብቻ ነበር። ልጃችን ገና ትንሽ ናት፣ ሠራተኛችን ደግሞ በሽታውን ፈርታ አገሯ ገብታለች። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ለእኔ ቀረ። ማንም አላዘዘኝም፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ምግብ ማብሰል አላውቅም ነበር። እናቴ ሦስት ወንድ ልጅ ያሳደጉ ናቸው፣ አንዳችንንም ምድጃ አጠገብ አስጠግተው አያውቁም። ሽሮዬ ይጓጉላል፣ ምስሬ ያርራል። አንድ ቀን ልጄ ከሳህኗ ላይ አንድ ነገር በጣቷ አነሳችና፣ "አባ፣ ይሄኛው ይበላል?" አለችኝ። ቀመስኩት። ያልተፈታ የሽሮ ዱቄት ነው።

"እሱን ተይው" አልኳት።

ከሁሉ የከበደኝ ጎደሬ ነበር። በእኛ አገር ጎደሬ የማይበላበት ቤት የለም፤ በደንብ ካልበሰለ ግን ጉሮሮ ያሳክካል፣ እስኪበስል ደግሞ ከሰል ይጨርሳል። በስልክ ሳማርር የሰማችኝ የባለቤቴ እህት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አንድ በእንፋሎት ቶሎ የሚያበስል ፕሬዠር ድስት ላከችልን። ባለቤቴ ካርቶኑን ከፍታ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄን እሳት ላይ ስትጥደው እኔ ከቤት እወጣለሁ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ይፈነዳላ! የሰው ፊት ሲልጥ ሰምቻለሁ።"

የአጠቃቀም ወረቀቱ በቻይንኛ ነው። ሥዕሎቹን እያየሁ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ውኃ ለካሁ፣ ጣድኩት። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ የግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ማፏጨት ሲጀምር ልጅቷ ከውጭ አጨበጨበች። ጎደሬው እንደ ቅቤ ለስልሶ ወጣ።

ባለቤቴ ይህን ሥራ ቦታ ብታወራ ጓደኞቿ አላመኗትም። "እስቲ ባልሽ ሲሠራ ቪዲዮ ያንሳልን" አሏት። ስልኬን በስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ፣ የባለቤቴን ሽርጥ አስሬ፣ "እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ እኔ ከተረፍኩ ግን እናንተም ትተርፋላችሁ" ብዬ ጀመርኩ። ነርሶቹ ሥቀው ለየዘመዶቻቸው ላኩት። ብዙም ሳይቆይ ገበያ ስወጣ የማላውቃቸው ሰዎች "ባለ ጎደሬው!" ይሉኝ ጀመር፤ ከዚያ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ድስቱ የት ይሸጣል? መቱ ውስጥ አይሸጥም ነበር። የባለቤቴ እህት ከመርካቶ ጥቂት ገዝታ ላከችልኝ። መናኸሪያ ሄጄ ጆንያውን ስቀበል ሁሉም ድስቶች አስቀድመው ገዢ ነበራቸው።

ቴሌግራም ላይ ቻናል የከፈትኩት ያኔ ነው። መጀመሪያ ድስት ብቻ፣ ቀጥሎ መጥበሻ፣ ቴርሞስ፣ ቢላ፣ የሽንኩርት መፍጫ፣ ስኒ። ጽሑፉን በአማርኛና በኦሮምኛ አወጣለሁ። ኦሮምኛ ስናገር ማንም አይለየኝም፣ መቱ ተወልጄ ጎሬ ያደግሁ ነኝ፤ በላቲን ፊደል መጻፍ ግን አልተማርኩም። ዋጋ በኦሮምኛ "ገቲ" ነው፤ መጨረሻው ሲረዝም ዋጋ ነው፣ ሲያጥር "ጣል" ማለት ይሆናል። እኔ አንድ ፊደል አጉድዬ በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር "ጣል" እያልኩ ስለጥፍ ሰነበትኩ። አንዱ ደንበኛ፣ "ወንድሜ፣ የት እንጣለው?" ብሎ ጻፈልኝ። ባለቤቴ ከጎሬ ወዲያ ባለችው ቡሬ አካባቢ የተወለደች ናት፣ በኦሮምኛ ነው የተማረችው። ያን ቀን ስልኬን ከእጄ ወስዳ ሁሉንም አረመችው። ከዚያ ወዲህ ኦሮምኛው የእሷ ሥራ ሆነ።

የአባቴ ስልክ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። አባታችንን "ጋሼ"፣ እናታችንን "እትዬ" እያልን ነው ያደግነው። ሁለቱም የሚኖሩት ጎሬ ነው፣ ከመቱ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ፤ አሁን በደብራቸው ሰበካ ጉባኤ ያገለግላሉ።

"አንተ" አሉኝ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

"አቤት ጋሼ።"

"ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ሰዎች ስልክ አውጥተው አንድ ነገር አሳዩኝ።"

"ምን አሳዩዎት?"

"ሽርጥ አስረሃል።"

"አዎ ጋሼ፣ ዘይት እንዳይፈናጠቅብኝ ነው።"

"ሽርጡ አበባ አለው።"

"የእሷ ስለሆነ ነው።"

"ዲግሪ የያዝከው ለዚህ ነው? ሰው እየሣቀ ነው እኮ! እኔ በዚህ ከተማ ተከብሬ የኖርኩ ሰው ነኝ።"

"እርስዎን ማን ይነካል ጋሼ?"

"ልጄን ሲነኩ ማንን የነኩ መሰለህ?" ብለው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ አልተጣላንም። ጋሼ መጣላት አይወዱም። ግን መቱ መምጣት ተዉ። እኔ ጎሬ ስሄድ እንደ እንግዳ ያስተናግዱኛል፣ ልጄን አቅፈው ይስማሉ፤ ወሬው ሲያልቅ "ሥራ አልተገኘም?" ይሉኛል። "እየሠራሁ ነው ጋሼ" ስላቸው፣ "እሱንማ ሰምተናል" ብለው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። እትዬ በዓይናቸው "ተወው" ይሉኛል፤ እተወዋለሁ።

ሥራው ግን አደገ። መጀመሪያ የልጃችን ክፍል መጋዘን ሆነ፣ ልጅቷ በካርቶን መሐል ተኛች። ቀጥሎ ከኋላ አንድ ክፍል ተከራየን። ዕቃውን የምልከው በሚኒባስ ነው፤ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ለመድኳቸው። ስኒና ብርጭቆ መንገድ ላይ እየተሰበረ ሲያስቸግረኝ የቡና ገለባ በጆንያ ገዝቼ በመሐሉ እየቀበርኩ መላክ ጀመርኩ። መሰበሩ ቆመ፤ አቧራው ግን ሌላ ስሞታ አመጣ። አንዲት የበደሌ ደንበኛ፣ "ስኒውን ሳይሆን ቡናውን ነው የላክህልኝ" ብላ የተከፈተውን ካርቶን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

የሳትኩበትም አለ። አንድ ጊዜ ርካሽ ነው ብዬ ምግብ አይጣበቅበትም የሚባል መጥበሻ በብዛት አስመጣሁ፤ ወር ሳይሞላው ጥቁሩ ቅባት እየተላጠ እንቁላል ላይ መታየት ጀመረ። ቻናሉ ላይ "የገዛችሁ መልሱ" ብዬ ጻፍኩና አንድ በአንድ ተቀበልኩ። ባለቤቴ ክምሩን አይታ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ ኢንተርኔት የተዘጋበት ጊዜ መጣ። ነገ ይከፈታል ስንል ሰነበተ። በስልክ ብቻ የሚሸጥ ሰው ስልኩ መስታወት ሆኖ ሲቀር ምን ያደርጋል? መጋዘኑ ውስጥ ገብቼ ዕቃውን ደጋግሜ እደረድር ነበር። የባለቤቴ አክስት ቡሬ ገበያ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው፣ ጨውና ሳሙና ይሸጣሉ። ደውለው "ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ዕቃውን ለእኔ ላክልኝ። ሰው ድስት የሚገዛው ክዳኑን አንስቶ፣ ቂጡን አንኳኩቶ ነው። ፎቶ ማን አንኳኩቶ ያውቃል?"

ላክሁላቸው። ከገጠር ለገበያ የሚመጣው ሰው ሱቃቸው በር ላይ ቆሞ አንኳኳ፣ ገዛም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከቡሬ ማዶ ካሉ መንደሮች ሳይቀር ትዕዛዝ ይመጣ ጀመር፤ ዕቃውን በእጃቸው ያዩት ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየከተማው አንድ እንደ ባለቤቴ አክስት ያለ ሰው ሳልፈልግ ዕቃ አልልክም።

ሌላም ነገር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። በአደባባይ የሚጽፉልኝ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ከሥር የሣቅ ምልክት ብቻ ያስቀምጣሉ። በውስጥ መስመር ግን የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ገጠር የተመደበ አስተማሪ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ ዘበኛ። "ሩዝ ስንት ውኃ ይወስዳል?" "ምስር አስቀድሞ ይዘፈዘፋል?" ሁሉም መጨረሻ ላይ፣ "ይህን ቻናሉ ላይ እንዳትለጥፈው" ይላሉ።

ከዚህ በኋላ እትዬ ታመሙ። ስትሮክ ነው። መቱ አምጥተን አሳከምናቸው፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ ቀኝ እጃቸው ግን አልታዘዝ አለ፣ ንግግራቸውም ከበደ። እኛ ዘንድ እንዲቀመጡ ለመንናቸው። እሳቸው በዝግታ "ቤቴ" አሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አላወጡም። ጋሼ ጎሬ መለሷቸው። አብራቸው የነበረችው ሠራተኛ ጥቂት ቆይታ አግብታ ሄደች።

"ሰው እንፈልግ ጋሼ" አልኳቸው።

"ጎረቤት አለን" አሉኝ።

እውነትም በሄድኩ ቁጥር ምግብ ተሠርቶ፣ ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኛል። "ጎረቤት አመጡልን" ይላሉ ጋሼ። ወጡ ጨው ይበዛበታል፣ ሽንኩርቱ እንደ ጠጠር ነው። ይቺ ጎረቤት ልበ ቀና ናት እንጂ ሙያ የላትም ብዬ በሆዴ አማኋት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቻናሉ ላይ መልእክት ገባ። ስምም ፎቶም የለው።

"ለሁለት ሰው የሚበቃ አነስተኛ ፕሬዠር ድስት ስለመኖሩ፣ የክዳኑ ላስቲክ ቢያረጅ መለዋወጫ የሚገኝለት ስለመሆኑ፣ ዕቃው ጎሬ መናኸሪያ ድረስ የሚላክ ስለመሆኑ ተገቢው ምላሽ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።"

ገርሞኝ ለባለቤቴ አሳየኋት። አንድ ጊዜ አነበበችው።

"አባባ ናቸው" አለች።

"የማን አባባ?"

"ያንተ አባት ናቸዋ! ለድስት ነጋዴ 'አመለክታለሁ' ብሎ የሚጽፍ ሌላ ማን አለ?"

ደግሜ አነበብኩት። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ ስልክ እንደላከላቸው ትዝ አለኝ። ልደውል ስልኩን ሳነሳ ባለቤቴ እጄን ያዘችው።

"እንዳትደውል። ደንበኛ ናቸው፤ እንደ ደንበኛ መልስላቸው።"

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። "ክቡር ደንበኛችን፣ የጠየቁት ዕቃ አለ። መለዋወጫ ላስቲክ አብሮ ይላካል። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይደርስዎታል።" ትንሽ መጠን በመጋዘን አልነበረኝም፤ የእኛን ቤት ትንሹን ድስት አጥበን፣ አድርቀን በአዲስ ካርቶን ላክነው። ሾፌሩ ማታ ሲመለስ "አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀበሉኝ፣ ሒሳቡንም ደረሰኝ አስፈርመው ሰጡኝ" አለኝ።

ከዚያ ጥያቄው በየቀኑ ይመጣ ጀመር። "ባቄላ ስንት ፉጨት እንደሚፈልግ ይገለጽልኝ።" "ማኘክ ለሚያስቸግረው ሰው ካሮት ከምን ጋር ቢበስል ይመረጣል?" "በትናንትናው ዕለት ጨው እንደበዛ ስሞታ ቀርቦብኛል፤ መፍትሔው ምንድን ነው?" እኔም ሥራዬን አቁሜ እመልሳለሁ። "ድንች ቆርጠው ይጨምሩበት ክቡር ደንበኛችን፣ ጨውን ይስባል።" ቅዳሜ ጎሬ ሄጄ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ዋጋ ብቻ እናወራለን። ምግቡ ተከድኖ ይጠብቀኛል። ጨው ተስተካክሏል። "ጎረቤቷ ሙያ ለመደች" አልኳቸው። "እንግዲህ ሰው ይማራል" አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

አንድ ማለዳ "ዕቃው ማፏጨት አቁሟል" የሚል መልእክት አገኘሁ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የእንፋሎቱ መውጫ ተደፍኖ እሳት ላይ ከቆየ አደጋ ነው። "እባክዎ እንዳይጥዱት! የድርጅቱ ባለሙያ አሁኑኑ ይመጣል" ብዬ ጻፍኩና ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሳለሁ መልስ መጣ። "ባለሙያው የሚደርስበት ሰዓት ይገለጽልኝ።"

የግቢውን በር አንኳኳሁ። ጋሼ ከፈቱልኝ። እጅጌያቸው ተሰብስቧል፣ በአንድ እጃቸው ቢላ ይዘዋል፣ ዓይናቸው ከሽንኩርቱ የተነሣ ያለቅሳል።

"ከድርጅቱ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ፣ ልከውኝ ነው።"

"ግባ።"

እትዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሲያዩኝ በሚታዘዝላቸው ግማሽ ፊታቸው ሣቁ። ወጥ ቤት ገብተን ክዳኑን ፈታሁት። መውጫው ቀዳዳ ውስጥ የባቄላ ገለፈት ተሰንቅሯል። ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር ሰብሬ አወጣሁት፣ ለጋሼም እንዴት እንደሚያጸዱት አሳየኋቸው። በጥሞና አዩ፤ ደግመው ራሳቸው ሞከሩት። ባቄላውን ጣድን። ሁለታችንም ቆመን ፉጨቱን ጠበቅን።

"ጎረቤት ሲያመጣላት ትገፋዋለች" አሉ ጋሼ፣ ምድጃውን እያዩ። "የሰው እጅ አትበላም። ምን ላድርግ? የእኔን ጀመርኩላት። በላችው።"

"ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?"

ድስቱ አፏጨ። እሳቱን ቀነሱና እንዲህ አሉ፦ "ቪዲዮዎችህን አይቻቸዋለሁ። ሽንኩርት ስትከትፍ ትፈጥናለህ። እኔን የመሰለ ሽማግሌ ሊከተልህ አይችልም።"

ያን ቀን ሦስታችንም አብረን በላን። ጋሼ እትዬን ሲያጎርሱ ዓይኔን ወደ ሌላ አላዞርኩም፣ እሳቸውም አልደበቁኝም። ስወጣ እትዬ በግራ እጃቸው ክንዴን ይዘው "ጨው... ንገረው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቪዲዮዎቼን በዝግታ አነሣለሁ። እጄ ከካሜራው ፊት ይቆያል፣ የምለውን ሁለቴ እላለሁ። ትንንሾቹን መጠኖችም በብዛት ማስመጣት ጀመርኩ፤ ለአንድና ለሁለት ሰው የሚሆን ድስት፣ ቀላል መጥበሻ። ገዢ አያገኙም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ከትልልቆቹ ይልቅ እነሱ ቶሎ አለቁ። ልጆቻቸው የሄዱባቸው ባልና ሚስት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ባለ አንድ ክፍል ተማሪዎች፤ ለካ ከተሞቻችን እንዲህ ባለ ሰው የተሞሉ ናቸው። ዛሬ መቱ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ አለን። የባለቤቴ እህት ሥራዋን ትታ አዲስ አበባ ላይ ገዢያችን ሆናለች። ባለቤቴ አሁንም ነርስ ናት፣ ኦሮምኛውን አሁንም እሷ ታርማለች። ሁለት ልጃገረዶች ቀጥረናል፤ አንዷ ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ አንዷ ታሽጋለች። ክረምት ሲገባ የቡሬ መንገድ ሲበላሽ ዕቃ ይዘገያል፣ ሰው ይቆጣል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጋሼ ካሜራ ፊት አይቆሙም፤ አልጠየቅኋቸውምም። ጥያቄ ሲኖራቸው ግን አሁን በስልክ ይደውላሉ።

በቅርቡ እትዬ አንድ ነገር ፈለጉ። ድንች መላጥ። በአንድ እጅ እንዴት ይላጣል? ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ለአንድ እጅ የሚሆን መክተፊያ በሥዕል አይታ ነበር። ነገረችኝና መቱ ወዳለ አናጢ ሄድኩ። ጠፍጣፋ ጣውላ ነው፤ መሐሉ ላይ የማይዝጉ ምስማሮች ወደ ላይ ቆመዋል፣ ከሥሩ እንዳይንሸራተት ላስቲክ አለው። ድንቹ ምስማሩ ላይ ይሰካል፣ በግራ እጅ ይላጣል። አናጢው "ይሄ ለምን ይሆናል?" ሲለኝ ነገርኩት፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ፈገፈገው።

ጎሬ ወስጄ በረንዳው ላይ እትዬ ጭን ላይ አደረግሁላቸው። የመጀመሪያው ድንች ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄደ። ሁለተኛው ተሻለ። ጋሼ ሊያግዟቸው ሲጠጉ እትዬ በክርናቸው ገፏቸው። እኔ የእጃቸውን ፎቶ ብቻ አነሣሁ፣ አስፈቅጄ ቻናሉ ላይ ለጠፍኩት። እዚያው እያለሁ አንዲት የበደሌ ሴት ለወንድሟ እንዲሠራላት ጻፈች። ለአናጢው ደወልኩና ሌላ ጣውላ እንዲያዘጋጅ ነገርኩት።